የጠዋቷ ክኒን

«አንተ ደግሞ ካርታ የምትስለው በብየዳ እሳት ነው እንዴ? እንደ አባትህ ጠቆርክ እኮ!» አለው አጎት የሟችን ወንድ ልጅ፣ ለቅሶ የተቀመጠውን ሰው ትንሽ ፈገግ ላሰኝ ብሎ።

ሰዉ ፈገግ አለ። የሟች ልጅ፣ ፋርማሲስቷ ብቻ ክው አለች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ታናሽ ወንድሟን ትክ ብላ አየችው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ካርታ ሲስል የሚውል፣ ፀሐይ የማያውቀው ሰው፣ ፊቱ የአባቷን የነሐስ መልክ ይዟል።

«ጣትህን ያምሃል?» አለችው።

«እነዚህን ሁለቱን። እርሳስ በመያዝ ብዛት ነው።»

አባቷም እነዚያኑ ሁለት ጣቶች እያሻሸ «መዶሻ በመያዝ ብዛት ነው» ይል ነበር።

አርባ ዓመት ሙሉ ብረት የበየደ ሰው ነው። ሲጠቁር እሳቱ ነው ተባለ፤ ሲደክመው ዕድሜው። ልጁ ግን ባለሙያ ናትና ዝም አላለችም፤ የብረት ማሟያ ክኒን አመጣችለት። ወንድሟም ደከመኝ ሲል ለእሱም ጨመረች። የደም ምርመራ? ለማያውቁት ሰው እንጂ ለገዛ ቤተሰብ ማን ያስባል! በየጠዋቱ የአባቷና የወንድሟ መዳፍ ጎን ለጎን ይዘረጋላት ነበር። «ምንድን ነው ብዬ አልጠይቅም፤ ዶክተሬ ከሰጠችኝ እውጣለሁ» እያለ አባቷ ያሾፍባት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መጀመሪያ ጉበቱ፣ ቀጥሎ ልቡ ከዳው።

«ተነስ!» አለችው ወንድሟን።

«ወዴት? እንግዳ ተቀምጦ?»

«ደምህ ይታይ! አባባን የበላው አንተንም እየበላህ ነው!»

«ኀዘን ናላዋን አዞረው» ብላ አክስት አንሾካሾከች። ፋርማሲስቷ ግን አንዱን ጫማ የራሷን፣ ሌላውን የአክስቷን ተጫምታ ወንድሟን እየጎተተች ወጥታለች።

በማግስቱ ሐኪሟ ውጤቱን አሳየቻቸው። «የሌላው ሰው ሰውነት ከምግብ የሚበቃውን ብረት ወስዶ ያቆማል፤ የእሱ ማቆም አያውቅም፣ ያከማቻል። በዘር የሚመጣ ይመስለኛል፤ የዘር ምርመራው ይለይልናል። ጉበቱ ግን ገና ደህና ነው። በየጊዜው ደም እየቀዳን ትርፉን ብረት እናስወጣለታለን።»

«ይድናል?»

«በጊዜ ደርሳችኋል።»

ፋርማሲስቷ ሐኪሟን አቅፋ አገላብጣ ሳመቻት። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ኮሪደሩ ላይ ዘለለች! ደስታው ሳይበርድ ግን ጥያቄው መጣባት።

«ክኒኑስ? አባባን ክኒኑ ነው...?»

«በሽታው አብሮት የተወለደ ነው» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «ክኒኑ ግን ሳያባብስበት አልቀረም።»

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። «በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት» አለች።

«ለእኔም ሰጥተሽኛል፣ እትዬ። የደረስሽልኝም አንቺው ነሽ።»

ቤት ስትገባ እንባዋን ጠርጋ ዘመዱን ሁሉ ለምርመራ መዘገበች። «እኔንም?» አለ አጎት። «እርስዎማ በተለይ! የአባባ ወንድም አይደሉ እንዴ?» ለቅሶ ቤቱ በአንድ ጊዜ ደመቀ፤ እጅጌውን የማይሰበስብ ጠፋ።

በነጋታው ጠዋት ወንድሟ ከእንቅልፉ በደንብ ሳይነቃ፣ በልማድ ብቻ መዳፉን ዘረጋላት። የክኒኑን ብልቃጥ ትናንት ጥላዋለችና የምትሰጠው የለም። የራሷን መዳፍ ከእሱ ጎን፣ አባቷ ይዘረጋበት በነበረው በኩል፣ ባዶውን ዘረጋች።