የወንዙ ልክ

ልብስ ሰፊው በክረምት እንቅልፍ የለውም። ሌላው ሰው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ብርድ ልብሱን ስቦ ይጠቀለላል፤ እሱ ጆሮውን አቁሞ የመኪና ድምፅ ይጠብቃል። ሚስቱ የእንስሳት ሐኪም ናት። ከወንዙ ማዶ ያሉ ከብት አርቢዎች ላም ሲታመምባቸው የሚጠሩት እሷን ነው፤ ወንዙ ደግሞ ድልድይ የሚባል ነገር አያውቅም። ጠዋት ተሻግራ ከሰዓት በኋላ ውሃው ከሞላባት እዚያው ታድራለች። ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለው ሌሊት በዛና ሰውየው ጣሪያ ላይ አፍጥጦ ከረመ። በመጨረሻ አንድ ነገር ቆረጠ፤ መኪናዋ ከፍ ትበል። ወንዙን ትለፈውና ሚስቱ ማታ ማታ ቤቷ ትግባ። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለገም።

ጉዳዩን የሚስቱን ታናሽ ወንድም አማከረው። ወንድምየው መካኒክ ነው፤ ሰፈሩ ጉልቤ ይለዋል። ሞተር ብቻዬን አነሳለሁ ስለሚል የወጣለት ስም ነው እንጂ ሲያነሳ ያየው የለም።

«ጋሼ፣ ይሄንንማ ለኔ ተወው» አለ ጉልቤ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ስድስት ኢንች ከፍ የሚያደርግ ሞላ እገጥምላታለሁ። ከሥሯ ደግሞ ይሄን የሚያህል ጎማ!» እጆቹን ዘረጋ። የዘረጋው የጎማ ሳይሆን የምግብ ጠረጴዛ ስፋት ነበር። «ሰው ገና ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይለቅላታል።»

«እኔ ሰው መንገድ እንዲለቅላት አይደለም የፈለግኩት። ወንዙ እንዲለቃት ነው።»

ሐኪሟ ማታ ወሬውን ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ይህንን በቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም።

«ስድስት ኢንች? በመሰላል ልሳፈር ነው? የመድኃኒቱን ሳጥንስ ማን ሊያቀብለኝ ነው? ደግሞ የገደሉን ጥግ ይዤ ስሄድ ከነቁመቷ ብትገለበጥስ?»

«ልጄን ፎቅ ላይ ልታወጡብኝ ነው እንዴ!» አሉ አማትየው ከወዲያ ጥግ። አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፤ በቤቱ ውስጥ የሚወራ ነገር ሁሉ እሳቸው ሳይፈርሙበት አይጸድቅም።

እንዲህ እየተባባሉ ሰነበቱ። ጉልቤ በመጣ ቁጥር ጎማው ያድጋል፤ ሚስትየው በተናገረች ቁጥር ሞላው ያጥራል። ልብስ ሰፊው ሁለቱንም ሰማና ወደሚያውቀው ሥራ ገባ፤ መለካት። ባለፈው ክረምት መኪናዋ መሀል ወንዝ ላይ ተቀርቅራ ሚስቱ ውሃ ውስጥ ወርዳ ነበር። የዚያን ቀን የለበሰችውን ሱሪ ደጋግሞ ቢያጥበውም የጭቃው መስመር አልለቀቀም። ሱሪውን አስለብሶ ወጥ ቤት መሀል አቆማትና ከተረከዟ እስከ መስመሩ በሜትሩ ለካ። ከዚያ ግቢ ወጥቶ ከመሬት እስከ መኪናዋ ወለል ለካ።

«ውሃው ወለሉን የበለጠው በሦስት ጣት ነው» አለ ተመልሶ፣ ፊቱ በርቶ። «አራት ጣት ከፍ ካለች ይበቃታል።»

ጉልቤ በሳቅ ሞተ። «ሱሪ ለክተህ ሞላ ልታዝዝ ነው ጋሼ?»

«አንተስ በምንህ ለክተህ ነው ስድስት ኢንች ያልከው? በአፍህ?»

ቀልዱ ከበረደ በኋላ ግን ሁለቱ ሰዎች በቁም ነገር ተቀመጡ፤ እዚህ ላይ ጉልቤም የዋዛ ሰው አልነበረም። ትልቅ ጎማ መሪ እንደሚያከብድ፣ ነዳጅ እንደሚጠጣ፣ ሲታጠፍ ደግሞ ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ እየፋቀ እንደሚያስለቅስ አንድ በአንድ አስረዳ። ልብስ ሰፊውም ጎማ ቢያድግ ከጭማሪው መኪናዋን የሚያነሳት ከመሀሉ በታች ያለው ግማሹ ብቻ መሆኑን በጠመኔ እየሳለ አሳየው። «ይሄንን እንኳን ደንበኛ ባያውቀው ደስ ይለኝ ነበር» አለ ጉልቤ። በመጨረሻ ሁለት ኢንች የሚያነሳ ሞላና አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለ፣ ጥርሱ ሰፋ ብሎ ጭቃ የሚተፋ ጎማ ተመረጠ፤ ሁለቱ ተደምረው አራት ጣት ይሞላሉ። ልብስ ሰፊው በዚህ አላበቃም። ከግቢው በር በላይ የተጋደመውን ብረት ለክቶ፣ የመኪናዋን ጣሪያ ከነዕቃ መጫኛው ለክቶ፣ አራቱን ጣት ደምሮ፣ «ሁለት ጣት ይተርፈናል» ብሎ አወጀ። አማትየው አጸደቁ።

የጉልቤ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ ውሃ ስለሞላ ሥራው እዚያው ግቢ ውስጥ ተሠራ። መኪናዋ ከነበራት ዕቃ ሁሉ ተራቁታ፣ በክሪክ ተንጠልጥላ፣ አሮጌው ሞላ ወልቆ አዲሱ ሲገባ ዋለ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ በአራት ጥቋቁር ጎማዎቿ ቆማ ታየች። ሐኪሟ አንዴ ወጣች፣ አንዴ ወረደች፣ እግሯ መርገጫውን ያለ ምንም ጭንቅ አገኘው። ባሏን ትከሻውን መታ አደረገችውና «ልክ ነው» አለችው። እሱ የዚያን ቀን ራቱን ሁለት ጊዜ በላ።

በማግስቱ ጠዋት ከማዶ ስልክ ተደወለ። አንዲት ላም ምጥ ላይ ናት፤ የጥጃው አንድ እግር ወደ ኋላ ታጥፎ አልወጣ ብሏል። ሐኪሟ ቦርሳዋን አንስታ መኪናዋን አስነሳች። ልብስ ሰፊው ሁለቱንም የበር ክንፎች ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ክብር ዘበኛ መስሎ ቆመ። መኪናዋ ቀረበችና ጓ! የጣሪያዋ የዕቃ መጫኛ ከብረቱ ጋር ተላተመ።

ጉልቤ ሳቁን ሊውጥ ሞከረ። አልቻለም፤ ሆዱን ይዞ መሬት ተቀመጠ።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካ፤ ደግሞ ለካ። ነገሩ ገባው። ሱቁ የሚገባ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ኪስዎን ባዶ ያድርጉ» የሚል ነው፤ ኪሱ የተሞላ ሰው ልኩ አይገኝም። መኪናዋን የለካት ግን ሳጥኗን፣ ገመዷን፣ ጀሪካኗን፣ ሁሉን ተሸክማ ዝቅ ባለችበት ቀን ነው። ከነኪሷ ለክቷታል! አሁን ባዶዋን፣ አዲስ ሞላ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን አስግጋ ቆማለች።

«ዕቃውን መልሱት!» ብሎ ጮኸ። ዕቃው በጥድፊያ ተጫነ። መኪናዋ ዝቅ አለች፤ ግን አንድ ጣት ቀራት።

«አዲስ ሞላ እስኪላመድ ይደርቃል» አለ ጉልቤ፣ እንባውን እየጠረገ። «ጎማውን እናስተንፍሰው?»

«ወንዝ ዳር በምን ልሞላው? በአፌ?» አለች እህቱ ከመሪው ላይ። «ላሟ እየሞተችብኝ ነው፣ አንድ ነገር አድርጉ!»

«ብረቱን ልቁረጠዋ» አለ ጉልቤ።

«እኔ በቁሜ እያለሁ ነው የምትቆርጠው!» አሉ ግቢውን ያከራየቻቸው ባልቴት፣ አከራይዋ፣ ከነነጠላ ጫማቸው ከቤታቸው እየወጡ። ብረቱን ያስገጠሙት ሟች ባላቸው ናቸው።

ይሄኔ አማትየው ከወንበራቸው ተነሱ። ሰፋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሲነሱ ነገሩ እንዳበቃለት ያስታውቃል። «ዕቃው ካልበቃ ሰው ጫኑባታ» ብለው የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። መኪናዋ ተነፈሰች። አከራይዋ ብረታቸውን ለማዳን ተከተሏቸው። ጉልቤ ገባ። ለልክ የመጡ ሁለት ደንበኞች በር ላይ ቆመው ነበር፤ እነሱንም ጎትተው አስገቧቸው። አንደኛው ሙሽራ ነው፤ የኮቱ አንድ እጅጌ በመርፌ ቁልፍ እንደተያያዘ፣ «እንዳይወጋኝ! እንዳይወጋኝ!» እያለ የልብስ ሰፊው አማት ጭን ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ከመድኃኒት ሳጥኑ ጎን ተሸጎጠ። ሐኪሟ በቀስታ ለቀቀቻት። ብረቱ የዕቃ መጫኛውን ፋቅ አደረገውና አለፉ። እልልታው መንገዱን ሞላው።

ሁሉም ወረደ። ልብስ ሰፊው አልወረደም።

«ምን ሆንክ? ሙሽራው እኮ ቆሟል» አለችው ሚስቱ።

«እማማ ያጫውቱታል። እኔ ወንዙን ማየት አለብኝ።»

ስንት ዓመት በትዳር ሲኖሩ አንድም ቀን አብሯት ተሻግሮ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚጠብቀው ልብስ አለ። ሚስቱ በመስታወቱ አየችውና ፈገግ ብላ ማርሽ አስገባች።

ወንዙ ቡናማ ነበር፤ ከጠበቀውም ሰፋ ያለ። መኪናዋ ስትገባበት እስትንፋሱን ያዘ። ውሃው በሩን ከውጭ እየላሰ፣ ጎማዎቹ ድንጋዩን ቧጥጠው እየያዙ ወደ መሀል ገቡ። ጎንበስ ብሎ መዳፉን ወለሉ ላይ አደረገ።

«ደረቅ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ደረቅ ነው እኮ!»

«ገብቶኛል። አሁን እጅህን አንሳና የሆነ ነገር ጨብጥ፣ ድንጋይ አለ።»

ማዶ ሲደርሱ ላሟ በጎኗ ተጋድማለች። ሐኪሟ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ተንበረከከች፤ እሱን ጅራት አስያዘችው። ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ ብቻ የታጠፈውን እግር ፈልጋ አቃናችው። እቤት የምታወራለት ሥራ ይሄ መሆኑን ሲያይ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ጥጃው እርጥብ እንደሆነ ወደቀ፤ አነጠሰም። ባለቤቶቹ ሐኪሟን መረቁ፤ ጅራት የያዘውንም አልረሱትም።

ሌሎች ሁለት ግቢዎችን አዳርሰው ወደ ወንዙ ሲመለሱ ከላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የጠዋቱ ወንዝ የለም። ቅርንጫፍ እየጋለበ ያልፋል።

«ትችለዋለች» አለ ልብስ ሰፊው፣ ድምፁ ግን ራሱን አላሳመነውም። «አንድ ጣት ትርፍ አለን።»

ሚስቱ ወርዳ ዳር ቆመች። «መሀል ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ ጠዋት አይተኸዋል። አሁን ይታይሃል?»

«አይታየኝም።»

«እሱ ከተሸፈነ አልሻገርም።»

«ስድስት ኢንች ብናደርጋትስ ኖሮ? እኔ ነኝ ያሳነስኳት።»  ይህ ሁሉ ድካም ለዛሬ ማታ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ማታ ቤቷ ልትገባ አይደለም።

«ስድስትም ይሁን አሥር፣ በዚህ ውሃ አልገባም።» ክንዱን ያዘችው። «አላሳነስካትም፤ ወለሉ ደረቅ ነበር እኮ። ግን ሱሪዬ ላይ ያገኘኸው የተሳሳትኩበትን አንዱን ቀን ነው። እዚህ ቆሜ አይቼ የተመለስኩበት ቀን ሱሪ ላይ ምልክት አይተውም።»

ልብስ ሰፊው ውሃውን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ባለፈው ክረምት አልጋው ላይ ሲገላበጥ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት ጎርፍ የሚወስዳት ሚስቱ ነበረች። ለካ በእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ እዚህ ዳር ቆማ፣ አይታ፣ ፊቷን አዙራ፣ ደህና ቦታ ገብታ ተኝታለች። ይህን ሲያስብ ደረቱ ላይ ተጋድሞ የከረመ ነገር ተነሳለት። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሞ ሳቀ፤ አቀፋትም።

በጥጃው ባለቤቶች ቤት አልጋ ተነጠፈላቸው፤ ትኩስ ወተትም ቀረበ። ልብስ ሰፊው ቤት ደወለ።

«እማማ፣ ወንዙ ሞልቷል። ዛሬ አትገባም።»

«እሷስ ለምዳዋለች» አሉ አማትየው በሐዘኔታ። «እኔን የሚያሳዝነኝ አንተ ነህ፣ ልጄ። እንደ ልማድህ ስትገላበጥ ልታነጋ ነው።»

«እማማ፣ እኔም እዚሁ ነኝ።»

«ውይ፣ ለካ አብረሃት ነው የሄድከው! ልማድ ሆኖብኝ እኮ ነው» አሉ። ከዚያ የአማትየው ሳቅ ስልኩን አልፎ ክፍሉን ሞላው፤ ሚስቱም ሰምታ ሳቀች። ልብስ ሰፊው ስልኩን ዘግቶ ጫማውን አወለቀ፤ ሚስቱ ወተቷን ጠጥታ ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰደው።