ቤቱ እንዲጠፋበት

«ቁምሳጥኑን ወደዚያኛው ግድግዳ ግፉት። የአልጋውን ራስጌ በግርጌው አዙሩት» አለች አይሲልዳ፣ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆማ። «ወንድሜን እኔ አውቀዋለሁ። የለመደውን ቦታ ካገኘ ንቅንቅ አይልም።»

ወንድሟ ኤግበርት ከሞተ ዘጠነኛው ቀን ነበር። በደሴቲቱ እምነት፣ በዚህ ምሽት የሟች መንፈስ ቤቱን ሊሰናበት ይመጣል። ዕቃው ሁሉ ቦታውን ለቆ ሲያገኘው የሰው ቤት የገባ ይመስለውና መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ካልተደረገለት እዚያው ሲንከራተት ይኖራል። ስለዚህ ጎረቤቶቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመጨረስ ይጣደፉ ነበር። ሚስቱ ቨርሊን ሁሉንም ስታይ ቆየች። በጓዳው በር አጠገብ ያለውን ወንበር ሊያነሱ ሲሉ ግን፣ «እሱን ለጊዜው ተዉት» አለች።

«ምነው?» አለች አይሲልዳ።

«እኔ እንጃ።»

እውነቷን ነው፤ አታውቅም። ኤግበርት በሚኒባሱ የመርከብ ቱሪስቶችን ከወደብ ወደ ፏፏቴው ያመላልስ ነበር። ማታ ማታ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በገና ሰሞን እሸቱ የርግብ አተር ሲደርስ፣ ሳህኑን መሐላቸው አድርገው አብረው ይፈለፍላሉ። እሷ ታወራለች፤ እሱ ይፈለፍላል። የገበያውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን፣ የጎረቤቱን፣ ሁሉንም ትነግረዋለች። እሱ «እህ» ይላል። ሌላ ቃል አይወጣውም። አንድ ቀን መሯት፣ «እኔ እኮ ያገባሁት ግድግዳ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ቀና ብሎ አያት፤ «እህ» አለና የያዘውን እሸት ፈለፈለ።

ወደቡ ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ መሪው ላይ እንደተደፋ ሞተ። ቨርሊን እስካሁን እንባ አልወጣትም። ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ሥር የተቀመጡት ሴቶች ይህን አይተው ይንሾካሾካሉ። ማልቀስ ጠልታ አይደለም። የሚያለቅስ ሰው ማንን እንዳጣ ያውቃል፤ እሷ ግን አብሯት ያረጀው ሰው ማን እንደነበር ግራ ገብቷታል። ሰምቷት ያውቃል? ወይስ ዕድሜዋን ሙሉ ስታወራ የኖረችው ለራሷ ነው?

ውጭ ወንዶቹ የዶሚኖውን ጠጠር ጠረጴዛው ላይ እያጋጩ ይጥላሉ። የፍየሉ ሾርባ በትልቁ ድስት ይንተከተካል። ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ወደቡ ላይ የቆመው ነጭ የቱሪስት መርከብ አናት ይታያል፤ የገና መዝሙር ከዚያ እየመጣ ከለቅሶው መዝሙር ጋር ይደባለቃል።

የኤግበርት የሥራ ባልደረባ ክላንሲ ሁለት የሸመገሉ ነጮች አስከትሎ ገባ።

«ሚስ ቨርሊን፣ እነዚህ ከመርከቡ ናቸው። ወደቡ ላይ ኤግበርት የት አለ ብለው ያዙኝ። መሞቱን ነገርኳቸው። እናንተ መርከቡ ያመልጣችኋል ብላቸውም አልሰማ አሉኝ።»

ሴትዮዋ ዶሪን ትባላለች። ባሏ ዋልተር በሁለት እጁ የብስኩት ቆርቆሮ አቅፏል።

«ቨርሊን እርስዎ ነዎት» አለች ዶሪን፣ እጇን ይዛ። «ቄሱን የዶሮ ሌባ መስለውዎት በመጥረጊያ ያባረሩት።»

ክላንሲ ሳቁ አመለጠው። ቨርሊን እጇን ከሴትዮዋ እጅ አወጣች። ያንን አሳፋሪ ነገር የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም «እህ» ብሏት ነበር።

«ይህን ማን ነገራችሁ?»

«ኤግበርት ነዋ። ገና በመጣ ቁጥር የምንሳፈረው በእሱ መኪና ነው። ‹ቨርሊን እንዲህ አለች፣ ቨርሊን እንዲህ አደረገች› እያለ እስከ ፏፏቴው ድረስ በሳቅ ሆዳችንን ሲያቆስለው! ወሬው ሲያልቅበት ደግሞ፣ ‹የቀረውን ማታ እሰማለሁ፤ ለከርሞ ይቆያችሁ› ይለናል።»

«ያወራ ነበር?»

«እሱ?» አለ ክላንሲ። «ሚስ ቨርሊን፣ ነዳጅ ሲቀዳ እንኳን አፉ አያርፍም።»

አይሲልዳ ከንፈሯን መጠጠች። «እንግዲያው ጉድሽን ለባዕድ ሲያስቅበት ኖሯል። ሰው በሚስቱ ይቀልዳል?»

ቨርሊን ትቆጣ ወይስ ደስ ይበላት መለየት አቃታት።

«ሲያወራ… ስለ እኔ ሲያወራ ምን ይመስል ነበር?»

ዶሪን ዞር ብላ ባሏን አየች። የመለሰላት ዋልተር ነው።

«መኪናውን ዳር አስይዞ ያቆም ነበር» አለ። «መንዳትና ስለ እሷ ማውራት አብረው አይሆኑልኝም ይለን ነበር።» ቆርቆሮውን ዘረጋላት። «ለእርስዎ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው። የቀድሞዎቹ ደርሰውዎታል?»

ቨርሊን መደርደሪያዋን አየች። ሩዝ፣ ክር፣ አዝራር፣ ሻይ ቅጠል የምታስቀምጥባቸው ቆርቆሮዎች ሁሉ የዚህ ወንድሞች ናቸው። ኤግበርት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ከመርከቡ» ይላል፤ ሰው ረስቶት የሄደው ይመስላት ነበር።

«ደርሰውኛል» አለች።

የመርከቡ ጡሩምባ ተነፋ። ክላንሲ እንግዶቹን እያጣደፈ ወሰዳቸው።

ፀሐይዋ ባሕሩን ልትነካ ነው። አይሲልዳ ወንበሩ አጠገብ ቆመች። ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «ልጄ፣ መሽቷል። እዚህ ታንከራትችዋለሽ እንዴ?»

«አላንከራትተውም። እርስዎ ይተዉት፤ እኔው አነሳዋለሁ።»

ወንበሩን ደረቷ ላይ አስደግፋ ተሸክማ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ አቆመችው። ጓዳ ተመልሳ የአተሩን ሳህን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በራሷ ወንበር ተቀመጠች። አይሲልዳ ካጠገቧ ልትቆም ፈለገችና ሐሳቧን ቀይራ ወደ ድንኳኑ ወጣች።

«ዛሬ ደግሞ ማን መጣ መሰለህ» አለች ቨርሊን፣ አንድ እሸት እየፈለፈለች። «ሽማግሌውን ብታየው፣ ቆርቆሮውን እንደ ሕፃን ታቅፎት።»

የእሱ «እህ» የሚገባበት ቦታ ነበር። ከሳህኑ አንድ እፍኝ እሸት ዘግና፣ ድርሻውን ልትሰጠው ወንበሩ ወደነበረበት በር ዘረጋች። ወንበሩ እዚያ እንደሌለ እያየች፣ እጇን ሳትመልስ ቆየች።