ጠና ኪሮሽ የያዘበት ክረምት

ጠና ከሆሳዕና መናኸሪያ ወደ ዶዮገና የሚጭን የሚኒባስ ሹፌር ነው። አንድ የሐምሌ ማለዳ ዝናብ ያራሰው ቁልቁለት ላይ መኪናው ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ተሳፋሪዎቹ በድንጋጤና በጭረት ተረፉ፤ የጠና ቀኝ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ሐኪሞቹ በጀሶ ጠቅልለው፣ "ክረምቱን እቤት ነህ" ብለው ሸኙት።

እቤት መዋል የማያውቅ ሰው ነበር። ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል፤ ከሚስቱ ከገነቴ ጋር የሚያወራውም እራት ላይ፣ ያውም እያዛጋ ነው። አሁን ሶፋው ላይ እግሩን በትራስ ደግፎ ስልኩን ሲነካካ ይውላል፤ መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሲዘጋበት ደግሞ በሆነ ባልሆነው ይነጫነጫል። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ በሩ ክፍት ተተወ፣ የጎረቤት ቴፕ ጮኸ። ጠያቂ ሲመጣ አጥንት ይጠግናል የተባለለትን የቡላ ገንፎ እየበላ ይስቃል፤ ጠያቂው ሲወጣ ተመልሶ ይኮሳተራል።

ገነቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ትሠራለች። ዳንቴልና የአልጋ ልብስ በኪሮሽ እየሠራች ገበያ ውስጥ ላለች አንዲት ባለሱቅ ታስረክባለች። ያን ሰሞን ከትርፍራፊ ክር ትንንሽ አራት ማዕዘን ቁራጮች እየሠራች ነበር። መሐሉን በአንድ ቀለም ትጀምርና ዙሪያውን ፈጽሞ በማይመስለው ሌላ ቀለም ታሳድገዋለች። በኋላ ሁሉም ተጋጥመው ብርድ ልብስ ይሆናሉ።

አንድ ቀን ማጉረምረሙ ሲሰለቻት ኪሮሽ ጭኑ ላይ ጣለችለት።

"እንካ። ጣትህ እንኳን አልተሰበረም።"

ጠና ሳቀ፤ ግን አነሣው።

"ቀለም ምረጥ" አለችው።

ሐምራዊና ብርቱካናማ መረጠ።

"ሁለቱ አይስማሙም እኮ!"

"እኔና አንቺስ መቼ ተስማምተን እናውቃለን?"

ገነቴ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠችና ጣቱን በጣቷ እየመራች አሳየችው። "ሦስት ጊዜ እዚችው ቀዳዳ ውስጥ። አሁን ማዕዘኑ ላይ ነህ፣ እዚያው ድገመው። ቀስ! እንደ ማርሽ አትጨብጠው።" የመጀመሪያው ቁራጭ ዳር ዳሩ ተኮማትሮ ጎድጓዳ ሆነ። "ይሄ ቆብ ነው" አለችና ጭንቅላቱ ላይ ደፋችለት። ሁለተኛው ተሻለ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ተወው፤ ከቁርስ በኋላ ክሩን የሚጠይቀው ራሱ ሆነ።

እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል መሰለኝ፣ ማውራት ጀመሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጠጋ ብለው ያወራሉ። ጠና ለማንም ያልነገረውን ነገራት፤ መኪናው ሲንሸራተት ስሟን ጮኾ እንደጠራ። ገነቴ የያዘችውን ዙር ጨረሰች። ከዚያ ዓይኗን ከክሩ ሳትነቅል፣

"ኪሮሽ የተማርኩት እርጉዝ የነበርኩ ጊዜ ነው" አለችው።

በተጋቡ በዓመቱ ያረገዘችው ልጅ በአምስተኛ ወሩ ወርዶባት ነበር። ያን ቀን ጠና መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌላ ልጅ አልመጣም፤ ስለዚያኛውም አንድም ቀን አላነሡም።

"ብርድ ልብስ ጀምሬለት ነበር።"

"የታለ?"

"ተረተርኩት። ክሩን ለሰው ሰጠሁት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ተቀምጠህ?"

ጠና ኪሮሹን አስቀመጠ። እጇን ያዘ፤ እሷም አልነጠቀችውም። እየቆየች ሁሉንም ነገረችው፤ እንዴት እንዳመማት፣ ማን እንደደረሰላት፣ ሰው "ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ" ሲላት እንዴት ትንገበገብ እንደነበር። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ለሁለቱም ከሠርጋቸው ሰሞን ይበልጥ ጥሩ ነበሩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጓደኛው ሀብቴ ሁለት ሹፌሮች አስከትሎ ሊጠይቀው መጣ። ጠና በሥራው ተመስጦ የባጃጃቸውን ድምፅ አልሰማም። ቀና ሲል በሩ ላይ ቆመዋል፤ ኪሮሹ እጁ ላይ ነው።

"ወይ ጉድ! የዶዮገናው አንበሳ!" አለ ሀብቴ። "ጭራሽ ክር አስጨበጠችህ?"

ሹፌሮቹ ሳቁ። የጠና ፊት ጋለ። "ያዝልኝ ብላኝ ነው" ቢል ይበቃ ነበር፤ ማንም ከዚያ በላይ አይጠይቀውም። እሱ ግን ሳቁን ከራሱ ላይ ሊያነሣ ፈለገ።

"ምን ታድርግ ብላችሁ ነው? ልጅ መውለድ ሲያቅታት ክር ትወልዳለች።"

ሰዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ወዲያው ሀብቴ ሳቁን ቆረጠና አንገቱን ደፋ። ገነቴ ሻይ ይዛ ከጓዳ ወጥታ ቆማ ነበር። ለእያንዳንዳቸው በየተራ ሰጠቻቸው፤ "ስኳሩ በቃችሁ?" ብላም ጠየቀች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጠና፣ "ጨዋታ እኮ ነው" አላት።

"አውቃለሁ" አለች። ክሮቹን ለቅማ ፌስታል ውስጥ ከተተች፤ ኪሮሹንም ከእጁ ወሰደች። ከማግስቱ ጀምሮ ሥራዋን ባለሱቋ ዘንድ እየሄደች ትሠራ ጀመር።

ጠና ይቅርታ ለመጠየቅ ሳምንት ፈጀበት። "በድዬሻለሁ" ሲላት፣ "ይቅር ብዬሃለሁ፤ ጸልዬበታለሁ" አለችው። እውነቷን ነበር። ምግቡም፣ ልብሱም፣ ሰላምታዋም አልጎደለበትም። ጀሶው ተፈትቶ እያነከሰ ወደ ሥራ ሲመለስ ከገበያ ጥሩ ጥሩ ክር መርጦ አመጣላት። "ደስ የሚል ቀለም ነው" ብላ አመስግና ተቀበለችው፤ የሰው ትእዛዝ ሠራችበት። "ነይ፣ እንደ ክረምቱ አብረን እንሥራ" ሲላትም፣ "አንተ ደክሞህ ነው የመጣኸው፣ ዕረፍ" አለችው። ብትቆጣ፣ ብታኮርፍ ኖሮ የሚለው ነገር ይኖረው ነበር።

በዓመቱ የሀብቴ ሚስት ኤልሳ ያረገዘችው ልጅ ወረደባት። ገነቴ ስትሰማ፣ "ውሰደኝ" አለችው። ኪሮሽና ሁለት ድውር ክር ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ነበር።

ጠና ከሀብቴ ጋር ግቢው ውስጥ ቀረ። በተከፈተው መስኮት የሁለቱ ሴቶች ጭንቅላት ተጠጋግቶ ይታያል፤ ገነቴ የኤልሳን ጣት ይዛ ትመራለች። የምትናገረው አይለይም፤ ድምፁን ግን ጠና ያውቀዋል። ከሰማው ዓመት አልፎታል።

"ምንድን ነው እንዲህ የሚያወሩት?" አለ ሀብቴ።

"ስለ ልጃችን ይሆናል።"

"የትኛው ልጃችሁ?"

ጠና ነገረው። ሀብቴ ሰምቶ ሲጨርስ እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

"ያን ቀን እንዲያ ያልከው... ይሄን እያወቅህ ነው?"

"እያወቅሁ ነው።"

ጠና ተነሥቶ ድምፁ ወደማይሰማበት ወደ መኪናው ሄደ።

ገነቴ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጋቢና ገባች።

"እንዴት ናት?"

"ትንሽ እህል ቀመሰች።"

ሌላ የምትጨምረው ያላት መስሎት ቁልፉን ሳያዞር ቆየ። እሷ ግን ቀበቶዋን አሰረች።

"እንሂድ እንጂ" አለችው በለዘበ ድምፅ።

ሞተሩን አስነሣ።