ዓይኗን የከደነችባቸው ፎቶዎች

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ፎቶዎቿን አልጋው ላይ ዘርግቶ ሲያገላብጥ ይውል ጀመር። ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ አንሺ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ጋሽ ፍላሽ ነው የሚለው። የስንቱን ሙሽራ ያነሳ ሰው፣ የገዛ ሚስቱን ዓይኗ ተገልጦ ያነሳበት አንድም ፎቶ የለውም። ፍላሹ ሊበራ ሲል ቀድማ ትከድናለች።

አንድ ቀን ከመሬት ተነስቶ የምሠራበትን ላቦራቶሪ ካላሳየሽኝ አለ። ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ወሰድኩት። ብርሃን ሲያልፍበት እንዲታይ ወተት ጠብ ያደረግንበትን የውሃ ጠርሙስ፣ ሌዘሩንና ካሜራውን አሳየሁት፤ ከዚያ ስክሪኑ ፊት አስቀምጬ ቪዲዮውን ከፈትኩለት። ብርሃኑ በጠርሙሱ ቂጥ ገብቶ፣ እንደ ቁራጭ ደመና እየተንሳፈፈ ወደ ክዳኑ ሄደ። አባቴ መነጽሩን ጠርጎ ተጠጋ።

«ብርሃን ሲሄድ ነው ይሄ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ከመፍጠኑ የተነሳ በአንድ ጊዜ እንደማይያዝ ነገርኩት። ሌዘሩን ደጋግመን እናበራለን፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እንቀዳለን፣ ኮምፒውተሩ ይገጣጥመዋል።

«እንግዲያ አንዴ ብቻ የሆነ ነገር አይያዝላችሁም በይኛ።»

በዚህኛው ካሜራ አይያዝም አልኩት።

ከዚያ እጁን እያሻሸ፣ ቀርፋፋው እኔ ነኝ አለ። ትንሽ ቢፈጥን ኖሮ ዓይኗን ሳትከድነው ይደርስባት ነበር፤ እናቴን ከቀበርን ወዲህ ሲብሰለሰልበት የከረመው ለካ ይሄ ነው።

አንድ ጊዜ ከእሷ ጋር ልብስ ስናጣጥፍ ለምን እንደምትከድን ጠይቄያት ነበር። ለእሱም የነገረችው ስለመሰለኝ አንስቼው አላውቅም።

«አባዬ፣ አውቃ ነው የምትከድነው። ‹ፍላሹን ካየሁ ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ይጋረጥብኛል፤ አባትሽን ለትንሽ ጊዜ አላየውም። እሱን ከማጣ ፎቶው ይቅርብኝ› ነው ያለችኝ።»

ስክሪኑን ትቶ እኔን አየኝ።

«ስትገልጥ እኔን ታይ ነበር ማለት ነው?»

«ወዲያው።»

«እኔ ደግሞ ያኔ አቀርቅሬ ፊልም አጠነጥናለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ ስለ ካሜራው አልጠየቀኝም። ክንዱን ይዤው ወጣን። ፌርማታው በሰው ግጥም ብሏል፤ አንዲት ሴት ወንበር ብትለቅለትም አመስግኗት እንደቆመ ቀረ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ። በራሷ አነጋገር።»

እሷ እንዳለችው፣ መሃል ላይ የሳቀችውንም ሳላስቀር ነገርኩት። አውቶቡሱ መጣ። ሰው ሁሉ ተጋፍቶ ገባ። አባቴ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይሂድ፣ ሌላ ይመጣል» አለና ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።