ተሳታፊ አራት

"ይህቺ ተሳታፊ አራት የምትያት ማን ናት?"

ደሳለኝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ሕሊና ገና አልተቀመጠችም፤ ከደብረ ታቦር ያመጣት ሚኒባስ ያለበሳትን አቧራ እንኳ አላራገፈችም። የጥድ አፋፍ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ጠዋት ደውሎ "አሁኑኑ ነይ" ሲላት፣ የፈቃድ ደብዳቤዋ ላይ ማኅተም ጎድሎ ይሆናል ብላ ነበር የመጣችው። በማኅተም ግን ሰው እንዲህ አይጮህም።

"ስም መናገር አልችልም አቶ ደሳለኝ። እንደማልናገር ፈርሜያለሁ።"

"እኔም ፈርሜያለሁ! እዚህ ግቢ ገብተሽ ሠራተኛ እንድታናግሪ የፈረምኩልሽ እኔ ነኝ።"

ሕሊና በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ታስተምራለች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመጨረስ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። የጥናቷ ርእስ አንድ ትንፋሽ አይበቃውም። በአጭሩ ሲነገር፣ በጤና ጣቢያ ወለል የሚወለውሉ፣ አንሶላ የሚያጥቡና በር የሚጠብቁ ሰዎች ሥራቸውንና እምነታቸውን እንዴት አስማምተው እንደሚኖሩ የሚጠይቅ ነው። በአምስት ጤና ጣቢያዎች ሃያ ሁለት ሰው አነጋግራለች። ስማቸውን አውጥታ ቁጥር ሰጠቻቸው። ረቂቁን፣ በገባችው ግዴታ መሠረት፣ ለአምስቱም ኃላፊዎች አደረሰች። አራቱ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። አምስተኛው የሚያነብ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ደሳለኝ ወረቀቱን መልሶ አነሣና ጮክ ብሎ አነበበ። "'ሳይደርስ የወጣውን ጉድጓድ ጣይው ይሉኛል። እኔ አልጥልም። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ከአጥሩ ማዶ ሚካኤል ጥግ እቀብረዋለሁ።' እኮ ከአምስቱ ጤና ጣቢያ ሚካኤል ከአጥሩ ማዶ ያለው የቱ ነው? የኔ ብቻ ነው! ከዚህ በኋላ ያለውን ማንበብም አላስፈለገኝ።"

ሕሊና ፊቷ ጋለ። ስሟን ደብቃ ቤተ ክርስቲያኑን ሳትሰርዝ እንደተወችው ያየችው ገና አሁን ነው።

ደሳለኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ መታወቅ አለበት። እሱ ወደዚህ ከመዛወሩ በፊት ከማዋለጃ ክፍል የሚወጣው ሁሉ ጓሮ ይጣል ነበር፤ ውሻ ሲጎትተው ያየ ሰው አለ። ክዳን ያለው ጉድጓድ ለማስቆፈር ሁለት ዓመት ሙሉ የወረዳውን ደጅ ጠንቷል። ደንቡንም ራሱ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ሳይደርስ የወጣ ጽንስ፣ ቤተሰብ ፈርሞ ካልወሰደው በቀር፣ ጉድጓድ ይገባል።

"ነገ ውሻ ቢያወጣውስ? ወረዳው ማንን ነው የሚጠይቀው?" አለ። "ሦስት የጽዳት ሠራተኛ ነው ያለኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱንም እሰበስባለሁ። ያደረገችው ትባረራለች። የሚናገር ከጠፋ ሦስቱንም ከሥራ አግጄ ለወረዳው እጽፋለሁ። አንቺም እስከዚያ ካልነገርሽኝ የፈቃድ ደብዳቤዬን አነሣለሁ። ያለሱ ደግሞ ጥናትሽን የሚቀበል የለም።"

ሕሊና ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች።

አሰለፈች በረኪና ከተነከረበት በርሜል አንሶላ እያወጣች ትጨምቃለች። ሃምሳን ተሻግራለች፤ እዚህ ግቢ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ክንዷ እስከ ክርኗ ነጥቷል።

"እትዬ አሰለፈች፣ አበላሽቻለሁ" አለች ሕሊና፤ የሆነውን ሁሉ ሳታስቀር ነገረቻት።

አሰለፈች የያዘችውን አንሶላ ጨምቃ ጨረሰች።

"ስምዎን አልጽፍም ብለሽኝ ነበር።"

"አልጻፍኩም እኮ።"

"ሥራዬን ጽፈሽው ስሜን ምን ያደርጉታል?"

ሕሊና በክፍል ውስጥ የተሳታፊን ምሥጢር ስለመጠበቅ አንድ ሴሚስተር ሙሉ አስተምራለች፤ ይህን ጥያቄ ግን የጠየቃት ተማሪ አልነበረም።

"አንድ መንገድ አለ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የድምፅ መቅጃው ከጠፋ በኋላ የነገሩኝ አለ። የሚስቱን ነገር። እሱን ቢሰማ አፉን ይይዛል። አንድ ቃል ብቻ..."

ለጥናቱ ባነጋገረቻት ቀን አሰለፈች "ይህን ነገር አጥፊው" ብላ መቅጃው እስኪጠፋ ጠብቃ ነበር የነገረቻት። መስከረም የምትባለው የደሳለኝ ሚስት አምስተኛ ወሯ ላይ አስወረዳት። እሱ ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ነበር። አዋላጇ ደውላ ምን ይደረግ ስትለው፣ ስልኩ ላይ ትንሽ ቆይቶ "እንደ ደንቡ ይደረግ" አለ። መስከረም ይህን ሰምታ የአሰለፈችን እጅ ያዘች። "እትዬ፣ እዚያ ጉድጓድ እንዳይገባብኝ። ለሱም እንዳትነግሪው" አለቻት።

አሰለፈች እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቀና አለች። አሁን ተቆጥታለች።

"ያን እኔም አልነገርኩሽ፣ አንቺም አልሰማሽ። አልጋው ላይ ሆና እጄን ይዛ የለመነችኝን ሴት፣ ለራሴ እንጀራ ብዬ ምሥጢሯን ላውጣ? ምነው ልጄ! አንቺስ ብትሆኚ?"

"ይቅርታ" አለች ሕሊና። ከልቧ አፈረች። ከአንድ ሰዓት በፊት ስለ ፊርማዋ ስትኮራ ነበር።

"የሚካኤሉ ቄስ ዓለምነው እንኳ አይተው ዝም ብለዋል። ፍትሐት የለውም፣ መሬት ግን ማንም አይከለክለውም ነው ያሉኝ። አልሰረቅሁ፣ አልዋሸሁ።" አንሶላውን አራግፋ ገመዱ ላይ ዘረጋችው። "ስምንት ሰዓት አይደል? እደርሳለሁ። ይህን በርሜል ልጨርስ።"

ሕሊና እጅጌዋን ሰብስባ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘች። አሰለፈች አየቻት፤ ግን አልከለከለቻትም። ስምንት ሰዓት እስኪሞላ አብረው ጨመቁ።

ቢሮው ለአምስት ሰው ይጠባል። ወርቁ፣ ከሦስቱ ብቸኛው ወንድ፣ ገና ሳይጠየቅ "እኔ ታካሚ ክፍል ነኝ፣ ማዋለጃውን ደጁንም አልረግጠው" አለ። ትርንጎ ከተቀጠረች ዓመት ያልሞላት ናት፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

"አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጠይቀው" አለ ደሳለኝ። "ማን ነው?"

"ልጅቱን ይተዋት፣ አያስለቅሷት" አለች አሰለፈች፤ ከወንበሯ ተነሣች። "እኔ ነኝ።"

ደሳለኝ ወደ ኋላ አለ። የማዋለጃ ክፍሉን ቁልፍ አምኖ የሰጠው ለእሷ ነው።

"አንቱ? ከሁሉ አንቱ ነዎት? ደንቡን ስናነብ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሰሙት አንቱ?"

"ሰምቻለሁ። ደንቡ ለውሻው ጥሩ ነው። ለእናቲቱ ግን ምንም አልጻፉላትም። ሴቲቱ ሌሊት ብቻዋን መጥታ፣ አስወርዷት፣ ሲነጋ ወደ አገሯ ልትሄድ ስትነሣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ 'የት አደረጋችሁት?' ብላ ነው። ምን ልበላት? ጉድጓድ ውስጥ ልበላት?"

"ይህ እኮ..." ደሳለኝ ወረቀቱን አነሣ። "ይህን ሁሉ አንቱ ነዎት ያሉት?"

ማንበብ ጀመረ። ጠዋት ያነበባቸውን መስመሮች አልፎ ቀጠለ። "'እስካሁን አሥራ አንድ ናቸው።' አሥራ አንድ! ..."

ሕሊና ቀጥሎ የሚመጣውን መስመር በቃሏ ታውቀዋለች። ከቤተ ክርስቲያኑ የባሰ፣ ሳትሰርዝ የተወችው ነገር ነበር። እዚህ አገር ሰው ቀኑን የሚያስታውሰው በታቦት ነው፤ ማን የት እንደዋለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከቤት እንደራቀ በዚያው ይታወቃል። እሷ ግን አነጋገሩ አምሯት እንዳለ ገልብጣዋለች።

"አቶ ደሳለኝ፣ ይብቃ። እሳቸው አምነዋል እኮ፤ ማንበቡ ምን ያደርጋል?"

"ቆይ!" አለና ቀጠለ። "'የመጨረሻውን የቀበርኩት ዓምና የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ሕዝቡ ታቦቱን ሊያስገባ ፊቱን ሲያዞር እኔ በጓሮ በር...'"

እዚያ ላይ ድምፁ ቆመ።

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መስመሩን መልሶ አነበበው። ወርቁ ሳል ያዘውና በግድ ዋጠው። ደሳለኝ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

"ወርቁ፣ ትርንጎ፣ ወደ ሥራችሁ" አለ ቀና ሳይል።

በሩ ተዘጋ። ከዚያ የጠዋቱ ባልሆነ ድምፅ ተናገረ።

"የዚያን ዕለት ማዋለጃ ክፍል የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት።"

"የማንንም አልናገርም" አለች አሰለፈች።

"እኔ እኮ..."

"ኃላፊም ቢሆን፣ ባልም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን አልናገርም። ቃል የሰጠሁት ለእናቶቹ ነው። ከአሥራ አንዱ የአንዱ እናት 'አሳይኝ' ብላ ከመጣች፣ ድንጋዩን አሳያታለሁ። ይዟት የመጣ ሰው ካለ እሱም ያያል። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም። ካባረሩኝም ያባርሩኝ።"

ደሳለኝ ወደ ሕሊና ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ድምፁ አለሽ። መቅጃው ላይ ሌላ የተናገሩት ካለ... እባክሽ። እንደ ኃላፊ አይደለም የምጠይቅሽ።"

አዘነችለት። ከዓምና ኅዳር ጀምሮ ጉድጓዱን በመስኮት እያየ እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ታያት፤ አንድ ቃል ብትናገር እንደምታሳርፈው ታውቃለች። ከጠዋቱ ይልቅ አሁን ዝም ማለት ከበዳት። አሰለፈች ወደ እሷ አላየችም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ ታያለች።

"መቅጃው ላይ ያለው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ" አለች ሕሊና። "ሌላ የለኝም።"

ደሳለኝ ራሱን ነቀነቀ። እንዳልተታለለና እንዳልተቀየማት ሁለቱንም አየችበት። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰላት።

"ጨርቁን ከየት ነው የሚያመጡት?" አለ አሰለፈችን።

"ከቤቴ። ከአሮጌ ነጠላዬ ቀድጄ አመጣለሁ።"

"ከእንግዲህ ከመጋዘን ንጹሕ ይውሰዱ። እናቲቱም ስትጠየቅ የምትፈርምበት ወረቀት አዘጋጃለሁ። በጓሮ በር መውጣት የለም፤ በፊት ለፊት ይውጡ።" እስክሪብቶውን አነሣ። "እኔም እፈርማለሁ።"

ሲወጡ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ይዞት ነበር። አልደወለም፤ ጃኬቱን ከወንበሩ ጀርባ አንሥቶ ለበሰ። ቤቱ ከጤና ጣቢያው የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሥራ ሳያልቅ ወጥቶ ሲሄድ ዘበኛው ይሻው አይቶት አያውቅም፤ ተገርሞ ብድግ አለለት።

አሰለፈች ሕሊናን እስከ በሩ ሸኘቻት።

"ያን ገጽ አወጣዋለሁ እትዬ። ሙሉውን። ጥናቱ ቢጎድልም ይጉደል።"

"ለምን ታወጪዋለሽ?"

"በርስዎ ላይ ይህን ሁሉ አመጣብዎት እኮ።"

"እኔማ አለሁ።" አሰለፈች ከአጥሩ ማዶ ወደ ሚካኤል ጥዶች አየች። "አሥራ አንዱስ? ክርስትና አልተነሡ፣ ተዝካር የላቸው፣ ቀበሌ አልመዘገባቸው። ያሉት አንቺ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ቀኑን አጥፊው፣ ሚካኤልንም አጥፊው። እነሱን ግን እንዳትነኪ።"

ሕሊና ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትስም ስትል አሰለፈች በትከሻዋ አነሣቻት፤ "ኧረ ተይ፣ በረኪና ነው" ብላ ሳቀች።

አስፋልቱ ዳር ቆማ ረቂቁን ቦርሳዋ ላይ ዘረጋች። "ከአጥሩ ማዶ ሚካኤል" የሚለውን ሰረዘች። "ዓምና የኅዳር ሚካኤል ዕለት" የሚለውንም፣ ማንም እንዳያነበው አድርጋ ሁለት ጊዜ ሰረዘች። አማካሪዋ "አሥራ አንድ" በሚለው ፋንታ "በርካታ" በዪ ብሏት ነበር፤ እሱን ሳትነካ አለፈች። ቀጥላ ገጹን ገለጠች። ተሳታፊ ዘጠኝ፣ "በጥር አስተርእዮ ማግስት"። ተሳታፊ አሥራ አምስት፣ "ልጄ የታመመችብኝ የሰኔ ጊዮርጊስ"። በየገጹ አንድ አንድ ታቦት ነበር። በእያንዳንዱ ቀን ስሟን የደበቀችላት አንዲት ሴት ቆማለች፤ የሚያውቃት ሰው አንብቦ እስኪያገኛት ድረስ።

"ታቦር! ታቦር! አንድ ሰው!" ረዳቱ የሚኒባሱን በር ከፍቶ ጠበቃት። ደብረ ታቦር ዛሬ ማታ ማረም ያለባት የተማሪዎች ፈተና አለ። ለመጨረሻው ዝግጅትም ከአማካሪዋ ጋር ቀጠሮ ይዛለች።

"ትገቢያለሽ አትገቢም?"

"አልገባም" አለች።

መንገዱን ተሻገረች። ወደ አንበሳሜ የሚሄደውን ሚኒባስ እጇን ዘርግታ አስቆመችና ገባች። ሁለተኛው ጤና ጣቢያ ያለው በዚያ አቅጣጫ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ከዚያ በኋላ ይደረስባቸዋል። ከየመሳቢያው ውስጥ ረቂቆቹን አንድ በአንድ ለቅማ፣ ሌላ ሰው ሳያነባቸው ልትመልስ ቆርጣለች።