ይዞራል፣ አይነሳም

ባትሪው ግን አይደለም፣ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ አንዴ አቃስቶ ዝም ይል ነበር፣ ይሄ ይዞራል፣ ደህና አድርጎ ይዞራል፣ ይዞራል ግን አይነሳም፣ የሚዞርና የማይነሳ ሞተር ደግሞ የሚጎድለው ከሁለት አንዱ ነው፣ ወይ እሳት ወይ ቤንዚን፣ ሦስተኛ የለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ቁልፉን ይመልስና እጁን ከመሪው ላይ ያነሳል፣ መቸኮል የለም፣ የቸኮለ ሹፌር ሞተሩን በቤንዚን ያሰምጥና ጥፋቱን በመኪናዋ ያላክካል፣ እሷ ምን አጠፋች፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሂጂ ያላት ቦታ ሁሉ ሄዳለች፣ ሲገዛት ልጁ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ልጅቷ አድጋ ፋርማሲስት ሆናለች፣ መኪናዋ ግን ምንም ልሁን ሳትል ያቺው መኪና ናት።

ሰዓት። ለሦስት ሩብ ጉዳይ።

ረዳቱ ይሄኔ ወንበሩን በር ላይ አስወጥቶ ተቀምጧል፣ ያ አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህ የኖረ ሰው፣ ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ ረዳት፣ ዛሬ ግራ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል፣ ሐሙስ ሐሙስ በአራት ሰዓት ሐኪም ቤት ለእግሩ እንቅስቃሴ ያሠሩታል፣ የሚያደርሰው ማን ነው፣ እኔ፣ ሌላ ማን አለው። ይደረሳል። ሩብ ሰዓት ለብልሽቱ፣ ግማሽ ሰዓት ለመንገዱ፣ እንዲያውም ይተርፋል።

ጋሼ ባትሪው ነው፣ ይላል ከማዶ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ፣ እንግፋዎት እንዴ። ባትሪ አይደለም ልጄ፣ አንተ ሥራህን ሥራ፣ ይለዋል በመስኮቱ፣ በልቡ ግን እኔ ስለ እጅጌ አፌን ከፍቼብህ አውቃለሁ እንዴ ይላል፣ ለብቻው ፈገግ ይላል፣ ሰውየው ደግ ነው፣ ሱሪውን ያሳጠረለት እሱ ነው፣ መቼ፣ ባለፈው ወር፣ ባለፈው ወር መኪናዋ ባዶ ታንክ ይዛ የገባች ሰሞን፣ አይ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ አሁን ቤንዚን።

ቤንዚን አለ። ቀስቱ ግማሽ ላይ ነው። ታንክ ውስጥ መኖር ሌላ፣ ሞተሩ ጋ መድረስ ሌላ። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ያዞራል፣ እንዳያስነሳ፣ መብራቶቹ ብቻ እስኪበሩ፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከኋላ ወንበር ሥር ማሰሮ ውስጥ እንደገባች ንብ ለሁለት ሰኮንድ የሚያጉረመርም ድምፅ መምጣት አለበት፣ ፓምፑ ነው፣ ቤንዚኑን ወደ ፊት የሚልከው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሰምቶታል።

የለም።

እንደገና። የለም።

በል እንግዲህ፣ ያዝኩሽ። ደስ ይለዋል፣ አዎ ደስ ይለዋል፣ ሌላው ሰው መኪና ሲቆምበት ይበሳጫል፣ እሱ ችግሩ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲገባለት ደስ ይለዋል፣ ፓምፑ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይም ደርሶት ሞቷል፣ ከቀላሉ ጀምር፣ ለአዲስ ሹፌሮች ሁሉ እንዲህ ነበር የሚላቸው፣ ሞተር ከመፍታትህ በፊት ፊውዝ እይ። በሩን ከፍቶ ይወርዳል፣ ይንበረከካል፣ ጉልበቱ ይንቋቋል፣ ተንቋቋ፣ ማን ጠየቀህ፣ ከመሪው ሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን ያወልቃል፣ ማየት አያስፈልገውም፣ ጣቱ ያውቀዋል፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስተኛው ላይ ጣቱ ጉድጓድ ይገባል።

ባዶ።

የተቃጠለ ቢሆን ይገባዋል። ፊውዝ ይቃጠላል እንጂ እግር አውጥቶ አይሄድም። ሌባ ነው እንዳይል ሌባ መስታወት ይወስዳል፣ ጎማ ይወስዳል፣ ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ የሚወስድ ምን ዓይነት ሌባ ነው፣ ይሄን የሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ነው፣ የሚያውቅ ደግሞ፣ የሚያውቅ ደግሞ ማን ነው። ድሮ ሦስቱም ሆነው ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ፣ እሱና ሚስቱ ልጃቸውን መሃል አስቀምጠው፣ መሽቶባቸው የሰው አገር ካደሩ ይቺን ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ይከታት ነበር፣ አሁን ሰባት ሌባ ቢመጣም አያስነሳትም እያለ፣ አንድ ጊዜ ልጅቷ እኔ ልያዛት ብላ አለቀሰች፣ ሰጣት፣ ጨብጣት አድራ ጠዋት መዳፏን ሲከፍቱት ቅርጿ ታትሞበት ነበር፣ እናቷ እንዴት እንደሳቀች። ይሄን ዘዴ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዷ አፈር ለብሳለች። አንዱ እዚህ ተንበርክኳል። ሦስተኛዋ ቤት ውስጥ ነጭ ጋዎኗን ትተኩሳለች፣ የከሰዓት ተረኛ ናት።

ልጄ።

ደሙ ጆሮው ድረስ ይወጣል፣ በእኔ መኪና፣ እኔን፣ ሰባ ነፍስ ጭኖ በጉም ውስጥ የወረደውን፣ አንድ ሰው ጭረት ሳያገኘው ጡረታ የወጣውን፣ እንደ ሌባ፣ እንደ ሕፃን፣ ምን አደረግኩ፣ ምንም አላደረግኩም፣ ባለፈው ወር ትንሽ ቢዘገይ፣ አንድ ሰው ትንሽ አይዘገይም እንዴ፣ አደባባዩን ዞረ፣ ሁሉም ይዞራል፣ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ አራቱም መንገዶች አንድ መሰሉ፣ አራቱም ላይ ሱቅ፣ አራቱም ላይ ሰው፣ የቤቱ መንገድ የትኛው እንደሆነ፣ ክላክስ እያደረጉበት፣ በአንዱ ወጣ፣ ብቻ በአንዱ ወጣ፣ ሄደ ሄደ፣ ቤት የሌለበት ሜዳ ደረሰ፣ እና ተመለሰ፣ ተመልሷል፣ ዋናው እሱ ነው። ለልጁ ከረዳቱ ጋር ወሬ ይዞኝ ነው አላት። አልጠየቀችውም። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረበት፣ እሷ የማትጠይቅ ልጅ አይደለችም።

እሺ። ያነሳታል። የልጅቷ ጉዳይ በኋላ፣ የሲጋራ ማቀጣጠያው ፊውዝ ሰማያዊ ነው፣ የፓምፑም ሰማያዊ ነበር፣ ልካቸው አንድ ነው፣ ሲጋራ ካቆመ ደግሞ ዘመን ሆኖታል፣ በጥፍሩ ነቅሎ ባዶው ጉድጓድ ላይ ይሰካዋል፣ ጠቅ፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ቁልፍ ግማሽ፣ ንቧ አጉረመረመች። ሙሉ። ሞተሩ አንዴ ዞሮ ይይዛል፣ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ አውራ ጣቱን ያነሳለታል፣ እሱም ያነሳል፣ ስድስት ደቂቃ አልፈጀበትም፣ እስቲ ከሠፈሩ ጎረምሳ ይሄን የሚያገኝ ይምጣ።

ልጁ በሩ ላይ ቆማለች። ጋዎኑ ክንዷ ላይ ነው። ዓይኗ ሞተሩ ላይ እንጂ እሱ ላይ አይደለም።

ፊውዙን አንቺ ነሽ ያወጣሽው።

እኔ ነኝ አባዬ፣ ማክሰኞ።

ይቅርታ አትልም፣ አታለቅስም፣ ይሄ የእናቷ ነው፣ ለምን አልነገርሽኝም ሲላት ብነግርህ ትሰማኝ ነበር ትለዋለች፣ እና እውነቷን ነው አይሰማትም ነበር። ከዚያ ረዳቱ እንደደወለላት ትነግረዋለች፣ ያን የዘገየበትን ቀን በስድስት ሰዓት ከደጁ ሸኝቶት፣ ማታ በሰላም ገባ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ገና አልገባም ነበር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል፣ መንገዱ ደግሞ የግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ ረዳቱም ያውቃል። ሁለቱም አውቀው ዝም ብለውት ከረሙ። እሷ ወደ መስኮቱ ጠጋ ትላለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ መንገዱን ንገረኝና ሂድ ትለዋለች፣ ከዚህ እስከ ረዳትህ ቤት፣ ከነገርከኝ ፊውዙን እመልስልሃለሁ፣ ሁለተኛም መኪናህን አልነካም።

ይሄማ ቀላል ነው። ከደጃችን በቀኝ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ በግራ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ይዞ ቁልቁል፣ ድልድዩ፣ ድልድዩ ላይ ጉድጓድ አለ ግራውን መያዝ ነው፣ ይነግራታል፣ አፉ ይሮጣል፣ የዳቦ ቤቱን የበር ቀለም ሳይቀር፣ ከድልድዩ በኋላ አደባባዩ፣ ከአደባባዩ።

ከአደባባዩ።

አራት አፍ። አንደኛው የመጣበት ነው፣ ሦስት ይቀራል፣ ከሦስት አንዱን መጥራት ይችላል፣ ሲሶ ዕድል አለው፣ በእርግጠኛ ድምፅ ቢጠራው ልታምነው ትችላለች፣ እርግጠኛ ድምፅ አጥቶ አያውቅም። ሞተሩ ይሠራል፣ እሷ ትጠብቃለች። ለአዲሶቹ ሹፌሮች ምን ነበር የሚላቸው፣ መንገድ ያልታወቀው ሹፌር ይቆማል፣ ይጠይቃል፣ ሰው ይዞ ገደል የሚገባው ያፈረው ነው፣ በዚህ ቃል ሠላሳ ስምንት ዓመት ነድቷል፣ አንድም ቀን ይሄ ቃል አላሳፈረውም፣ ዛሬስ ለምን ያሳፍረዋል። ረዳቱን ይዞ ነው የሚሄደው። እግሩ የማይታዘዝ ሰው ይዞ።

አላውቀውም፣ ይላታል።

ቀና ብሎ ነው ያላት። ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ፣ በመኪናዋ አፍንጫ ዞሮ፣ የተሳፋሪውን በር ከፍቶ ይቀመጣል። ግቢ እንጂ፣ ሰውየው እየጠበቀ ነው። ጋዎኗን ኋላ ወንበር ላይ አንጥፋ ትገባለች፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሰባት ዓመት ሆኗታል፣ መሪውን ግን የሰጣት አንዴ ብቻ ነው፣ ያኔም ማርሽ፣ ፍሬን፣ መስታወት እያለ አስለቅሷት ነው የወረደችው። ወንበሩን ወደ ፊት ትስባለች፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልተነቃነቀውን ወንበር፣ መስታወቱንም ታዞራለች። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀችው፣ መኪናዋ ዘላ ሞተሩ ጠፋ። ልጅቷ ወደ እሱ ዞር ትላለች።

ምንም አልሆነም፣ እንደገና።

ይነሳል። በቀኝ ይወጣሉ። እጆቹ ግን የት ይቀመጡ፣ ጉልበቱ ላይ ያደርጋቸዋል፣ ያነሳቸዋል፣ ይመልሳቸዋል፣ ሁለተኛ ማርሽ ዘግይታለች፣ አይናገርም፣ አሁን አስገባች፣ ጎሽ፣ ይሄንንም አይናገርም። ከጎን መቀመጥ እንዲህ ነው ለካ፣ ቤቶቹ ቀስ ብለው ይመጣሉ፣ ሰው ይታያል፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ሰማያዊ በረንዳ አለ፣ አበባ የተደረደረበት፣ ይሄ መቼ ተሠራ ይላታል። ሁልጊዜም ነበር አባዬ፣ ትለዋለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።