ከሸምበቆው ውስጥ የሚጠራው

ማጭዷን አንዴ ሰንዝራ ቀና ስትል ድምፁ እንደገና መጣ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። "መጣሁ!" ብላ ጮኸችና እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ገና ያልደረሰውን አረንጓዴ ሸምበቆ ማጨዷን ቀጠለች።

ጭጋግ ሲወርድ የረግረጉ ሸምበቆ አጫጆች በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እየነፉ ይጠራራሉ። ሁሉም የየራሱ አነፋፍ አለው፤ ሁለት አጭር አንድ ረጅም የባሏ ነበር። አምና ጀልባው ባዶውን ተንሳፎ ተገኘ፤ እሱ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ዘንድሮ ውሃው ሲሞላ ድምፁ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ አጫጆች ፈርተው ድምፁ ወደሚመጣበት ጥግ ዝር አይሉም፤ እሷ ደግሞ ሌላ ጥግ አታውቅም። ድምፁ ወደመጣበት እያጨደች ትገባለች። የምታወጣው እርጥብ ሸምበቆ ምንጣፍ አይሆን፣ ጣራ አይሆን፤ ዳር ላይ ተቆልሎ ይሻግታል።

"እህቴ፣ እባክሽ አንዴ አቁሚ!"

ዞር ስትል አንድ ባለመነጽር ሰው ጀልባ ላይ ቆሞ ይንገዳገዳል። የአእዋፍ ባለሙያ ነው፤ ሰሞኑን በዳርቻው ሲዞር ያዩት ሰዎች "የወፍ ዘበኛ" ብለው ስም አውጥተውለታል።

"ቁጭ በል፣ ትወድቃለህ" አለችው። "አንተንም ልፈልግ ነው?"

ተቀመጠ። "የምታጭጂው እኮ ቤታቸውን ነው።"

"የማንን?"

"የዚህን የሚጮኸውን ወፍ። በሰሜኑ ሐይቅ በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ቀርተው ነበር። እዚያ ሸምበቆ ማጨድ ሲከለከል በዙ፣ ቦታ ጠበባቸው። አሁን እዚህ ሊፈለፍሉ ነው። ድሮ እዚህም ነበሩ ይባላል፤ የሚያስታውስ ሰው ግን አላገኘሁም።"

"ወፍ አይደለም።"

"ወፍ ነው።"

"ታዲያ የባሌን አነፋፍ ከየት ተማረው?"

የጠፋ ባሏን እየፈለገች መሆኑ ባለሙያው የገባው ያኔ ነው። "ነይ ላሳይሽ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጀልባው ላይ ወጥታ መቅዘፊያውን ከእጁ ቀማችው፤ እሱ ከቀዘፈ ውለው ማደራቸው ነው። ኮሽታ ሳያሰሙ ተጠጉ። መጀመሪያ የሚታየው ሸምበቆ ብቻ ነበር። ከዚያ አንደኛው ሸምበቆ ዓይን አወጣ። ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ነፋሱ ሸምበቆውን ባወዛወዘ ቁጥር አብሮ የሚወዛወዝ ወፍ። ጉሮሮው አበጠ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

"ወንዱ ነው የሚጠራው" ሲል ባለሙያው አንሾካሾከ፤ ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። "ሚስት ፍለጋ ነው።"

ለእሷ ባሏ የሰጠመው አምና ሳይሆን አሁን፣ ዓይኗ እያየ ነው። ባለሙያው ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ጥጉን እንዳትነካው ሲለምናት እሷ ወደ ዳር ቀዘፈች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤት ደረሰች። አማቷ እንደወትሮው ደጃፍ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ረግረጉ ሰጥተዋል። አንድ ልጃቸው ባሏ ነበር፤ ከእሷ ሌላ ጧሪ የላቸውም። ልንገራቸው፣ አልንገራቸው ስትል፣ ስታወጣ ስታወርድ ነው የመጣችው።

"ዛሬስ ቀረበ?" አሉ።

"እማማ፣ ወፍ ነው። በዓይኔ አየሁት።"

አሮጊቷ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። የቀሚሳቸውን ጫፍ ብቻ ጨመደዱ።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምን አሉ?"

"ልጅ ሳለሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮሁ እሰማቸው ነበር። ኋላ ጠፉ። ዘንድሮ መጀመሪያ የጮኸ ዕለት ነው ያወቅሁት።"

"እያወቁ ነው ውሃ ውስጥ ተነክሬ ስውል ዝም ያሉኝ?" ሸምበቆ የተለተላቸውን እጆቿን ዘረጋችላቸው። "ምን በደልኩዎት?"

"ምንም። ሞቷል ካልን ትሄጃለሽ ብዬ ነው። ልጅ አልወለዳችሁ፣ ምን ያስቀምጥሻል? አለ ብለሽ ስትፈልጊው ግን ማታ ማታ ወደ እኔ ትመለሻለሽ።" ቀና ብለው ሊያዩዋት አልደፈሩም። "ክፉ ነኝ። በቃ፣ ወደ ወገኖችሽ ሂጂ። አልቀየምሽም።"

እንዲህ ተናድዳ አታውቅም። ልብሷን ሰብስባ እልም ብላ መሄድ አማራት። ግን ደግሞ እሷስ ብትሆን፣ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት ያ ድምፅ አልነበር?

ከረግረጉ ወፉ ጮኸ። ሁለቱም እንደለመዱት ቀና አሉ፤ ማወቃቸው አልረዳቸውም። አሮጊቷ ቀድመው አንገታቸውን ደፉ፤ በቀሚሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ይነሱ እማማ፣ ብርድ ነው።"

ደግፋ አስገባቻቸው። ባሏ ከጠፋ ጀምሮ፣ ድንገት በሌሊት ቢመጣ ደጅ እንዳይቆም ብለው፣ በሩን ቀርቅረውት አያውቁም። መቀርቀሪያው ዝጎ እምቢ አላት፤ በሁለት እጇ ገፋችው።

"እርማችንን እናውጣ" አለች። በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና አጠገባቸው ተቀመጠች።